በበሬሳ ወንዝ ዳር ያለው ጨፌ ላይ ችካል ተተክሏል፤ ደብረ ብርሃን በየት በኩል ትደግ?

የበሬሳ ማዶ (ክሩን የከፈተ)
ማክሰኞ ከምሽቱ 2:40

ሰላም የሸዋ ልጆች። ሰሞኑን ወደ ወንዙ ወረድ ያለ ሰው ሳያየው አይቀርም፤ ከከተማው በታች ባለው ጨፌ ላይ ችካል ተተክሏል። ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በጋ ላይ ሌላው ሜዳ ውርጭ መትቶት ሲነጣ እሱ ብቻ ለምልሞ ከብት የሚያውል ቦታ ነው። ማን ተከለው ብለን ስንጠይቅ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከናል፤ ሌላው ደግሞ «ገና ጥናት ላይ ነው» ይለናል። ጥናት ላይ ያለ ነገር ችካል ይተከልበታል እንዴ?

እኔ ከተማዋ አትደግ የምል ሰው አይደለሁም። በ1999ኙ ቆጠራ ደብረ ብርሃን 65 ሺህ ግድም ሕዝብ ነበራት። በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፣ ከዚያ ወዲህ የቢራ ፋብሪካዎቹ መጡ፣ በ2011 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ በላዩ ላይ ከየቦታው ተፈናቅሎ የመጣው ወገናችን አለ። ዛሬም በዚያ ቁጥር የሚያምን ካለ በገበያ ቀን መናኸሪያ ቆሞ ይመልከት። ታናሽ ወንድሜ ደመወዝ የሚያገኘው ከነዚሁ ፋብሪካዎች ከአንዱ ነው፤ ቤታችን በሱ ነው የቆመው።

ነገር ግን ከተማዋ የምትሰፋው ሜዳ ወደታየበት ነው። ሜዳ ደግሞ እኛ ዘንድ ወይ የገበሬ የገብስ ማሳ ነው፣ ወይ የወል ግጦሽ ነው፣ ወይ ወንዝ ዳር ነው። ዳገቱ ላይ ለመሥራት መንገድ መቁረጥ አለ፣ ውሃ መግፋት አለ። ጨፌው ለጥ ያለ ስለሆነ ቀያሽ ሲያየው ደስ ይለዋል።

ሐሳብ ያላችሁ ወዲህ በሉ። ስድብ አልፈልግም፤ ብሔርና ፓርቲም ይቅርብን።


ገብስ ቆሎ
ማክሰኞ ከምሽቱ 2:52

በየት ትደግ? ወደ ላይ። በዚህ ብርድ አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚችል ይውጣ፣ እኔን ምድር ቤት ይበቃኛል።


የጠባሴዋ
ማክሰኞ ከምሽቱ 3:15

ወንድሜ የበሬሳ ማዶ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ጨፌ ጨፌ የምትሉት ቤት ያላችሁ ናችሁ። እኔ በማኅበር ተደራጅቼ፣ በዝግ ሒሳብ ገንዘብ አስቀምጬ፣ መሬት ዛሬ ይሰጣል ነገ ይሰጣል ስባል ልጄ ትምህርት ቤት ገባ። አከራይዋ በየመስከረሙ ትጨምራለች። በአንድ ክፍል ከነዕቃችን ታጭቀን ነው የምንኖረው። አሁን ተራችን ደረሰ ሲባል ከብት ይውልበት የነበረ ሜዳ ነውና አትንኩ ትሉናላችሁ። ከብቱ ይዋል፣ እኔስ የት ልዋል?

ለአካባቢ የሚቆረቆር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የቤት ካርታውን ያሳይ። ካርታ ከሌለው እሰማዋለሁ።


ገብስ ቆሎ
ማክሰኞ ከምሽቱ 3:18

እኔ ካርታ የለኝም፤ ካርታ ጨዋታም አልችልም። ስሚኝ እንግዲህ።


የወራና ገበሬ ልጅ
ማክሰኞ ከምሽቱ 4:30

እህቴ የጠባሴዋ፣ ብሶትሽ እውነት ነው። የኔንም ስሚኝ።

የአባቴ መሬት ወደ ከተማው ክልል የገባው እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ ካሳ የሚታሰበው በ1997ቱ አዋጅ 455 ነበር፤ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ ይወሰድና በአሥር ይባዛል። በ2011 የወጣው 1161 የተሻለ ነው። በዘላቂነት ለተነሳ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ተወስዶ በአሥራ አምስት ይባዛል። ያም ሆኖ የሚባዛው ምንድን ነው? ገብሱና ባቄላው ነው። ጉድለቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የኛ አገር እርሻ ገብስ ብቻ አይደለም። በበጋ ከብቱና በጉ የሚበላው ጨፌው ላይ ነው። ከላሟ ወተት አለ፣ ወተቱ ማለዳ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከከብቱ ኩበት አለ፤ በዚህ ብርድ ምድጃ የሚሞቀው፣ እንጀራ የሚጋገረው በሱ ነው፣ የተረፈው ገበያ ይወጣል። እናቴ ለልጆቿ ደብተር የምትገዛው በኩበት ብር ነበር። የወል ግጦሽ ሲወሰድ አዋጁ ካሳ አለው ይላል፤ መሬት ላይ ግን ማን ስንት ላም ያውል ነበር፣ ለማን ይሰጥ የሚለው ጭቅጭቅ አያልቅም። አንዳንዱ ሰው ማሳው ሳይነካ ይደኸያል፤ ከብቱን የሚያውልበት ስለሚያጣ ሸጦ ይጨርሳል።

አባቴ ብሩን ሲቀበል መንደሩ ሁሉ መከረው። አንዱ ባጃጅ ግዛ አለው፣ ሌላው ወፍጮ ትከል አለው። ባጃጅ ገዛ። መለዋወጫው ሲወደድ ባጃጁ ቆመ፤ አባቴ አሁን የሰው ግቢ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ግቢ የት እንደሆነ ልንገራችሁ? በቀድሞው ማሳው ላይ የታጠረ ግቢ ነው። ውስጡ ቤት የለም፣ ፋብሪካ የለም፣ ሣር ነው። ሣሩን እያጨደ ይሸጣል።

የኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ታጥሮ የተቀመጠው ቦታ ሳያልቅ ለምን ወደ ጨፌው እንሄዳለን?


የጠባሴዋ
ማክሰኞ ከምሽቱ 4:41

ይኼን እሰማለሁ። የታጠሩትን እኔም አውቃቸዋለሁ፣ ሥራ ስሄድ በመንገዴ ናቸው። ግን የነሱ ባለቤቶች በጉልበትም በዘመድም እኔን ይበልጡኛል።


ቧንቧና ቱቦ
ረቡዕ ከጠዋቱ 1:20

በውሃ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ስለዚህ ዛሬ ማንም አለቃ አይቆጣኝም።

ለየጠባሴዋ በመጀመሪያ። ልጄ፣ ጨፌው ላይ ቦታ ቢሰጥሽ ስጦታ እንዳይመስልሽ። አፈሩ መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመ ቤትም አብሮት ይነሳል ይወርዳል። ግድግዳሽ ከማዕዘኑ ጀምሮ ይቀደዳል። ይህን ለማስቀረት መረሬውን ቆርጦ አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ወይም መሠረቱን ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ማውረድ ያስፈልጋል። የመሠረቱ ወጪ ብቻ የማኅበር አባልን አቅም ይጨርሳል። ሽንት ቤቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ጉድጓድ ስትቆፍሪ ከታች ውሃ ይሞላዋል፤ ክረምት ላይ ይገነፍልና ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ወንዙ ይሄዳል። መጥጦ የሚወስደው ቦቴ በጭቃ አይገባም። ስለዚህ የጨፌው ነገር የላምና የሰው ክርክር አይደለም፤ ለሰውም የማይሆን ቦታ ነው።

ሁለተኛ። ጨፌ የክረምቱን ውሃ ይዞ አዘግይቶ ነው ለወንዙ የሚለቀው። እሱን ደልድለሽ፣ በላዩ ቆርቆሮና ኮብልስቶን ዘርግተሽ ስታበቂ ያው ዝናብ በሰዓት ውስጥ በሬሳ ይገባል። ያን ጊዜ ጎርፉ የታችኛውን ሰፈር ይመታል፤ በግንቦት ደግሞ ወንዙ ክር ይሆናል። ያ ቀጭን ወንዝ ነው እንግዲህ የፋብሪካውንም የመንደሩንም ፍሳሽ የሚሸከመው።

ስለ ፋብሪካ ስም ጠርቼ አልናገርም። ባሕርያቸውን ግን ማወቅ ጥሩ ነው። ቆዳ ፋብሪካ ክሮም፣ ጨውና ሰልፋይድ ያወጣል። ብርድ ልብስና ጨርቅ የሚያቀልም ቀለምና ሙቅ ውሃ ያወጣል። ቢራ መርዝ አያወጣም፤ የሚያወጣው የእህል ትራፊና እርሾ ነው፤ ግን ያ ወንዝ ውስጥ ሲበሰብስ አየሩን ይጨርስና ውሃው ይገማል፣ በውስጡ ነፍስ ያለው ነገር አይቆይም። አንድ ሊትር ቢራ ለማውጣት ደግሞ እንደ ፋብሪካው ቅልጥፍና ከ4 እስከ 7 ሊትር ውሃ ይሄዳል። ጠርሙሱ ውስጥ የሚገባው አንዱ ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ቀሪ በፍሳሽ ነው የሚወጣው።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒት አለው። ፍሳሽ ማጣሪያ መሥራት አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። ችግሩ ማጣሪያ ማስመረቅና ማጣሪያ ማንቀሳቀስ የተለያዩ መሆናቸው ነው። አየር የሚነፋው ሞተር ቀን ከሌት መብራት ይበላል። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር መጀመሪያ የሚነሳው ምርቱ ነው፣ ማጣሪያው ተራውን ይጠብቃል። ፍሳሹን የሚያጣራው ባክቴሪያ ግን ተራ አይጠብቅም፤ አየር ካጣ ይሞታል፣ እንደገና እስኪራባ ሳምንታት ያልፋሉ። በነዚያ ሳምንታት ፍሳሹ የት እንደሚሄድ ለመገመት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

ከወንዙ በታች ነጭ ሽንኩርትና ካሮት በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ያ አትክልት ተመልሶ እኛው ገበያ ይመጣል።


ገብስ ቆሎ
ረቡዕ ከጠዋቱ 1:34

ጋሼ፣ ቁርሴን እየበላሁ ነበር። ካሮት አለበት።


የፈረቃ ልጅ
ረቡዕ ከቀኑ 8:05

ከፋብሪካ ነኝ፣ የትኛው እንደሆነ አልልም። ጋሼ ቧንቧና ቱቦ የተናገሩት ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። «ፋብሪካው ይዘጋ» የሚል ሰው እዚህ ክር ላይ ሳይመጣ አይቀርም፣ ቀድሜ ልመልስለት። ታኅሣሥ 2014 ላይ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ፣ ከአጎዋ ስታስወጣን ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ላይ ምን እንደደረሰ በየፓርኩ ያሉ ልጆች ያውቃሉ። ትእዛዝ ቀረ፣ ማሽን ቆመ። ከገጠር የመጣች ልጅ ለሦስት ሆና የተከራየችውን ቤት ጥላ ወጣች። ወንዙ በዚያ አልጸዳም። ቤተሰቧ ግን የበግ ቁጥሩን ቀነሰ።

ሌላም አለ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይታወቃል። ቀኑ በታወቀ ቁጥር ማጣሪያው ጥሩ ይሠራል። ናሙና የሚወሰደው ሌሊት ቢሆን፣ ከዝናብ በኋላ ቢሆን፣ ሌላ ውጤት የሚመጣ ይመስለኛል። ዝናብ ሲዘንብ ወንዙ ይደፈርሳል፣ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያልፋል።


መንዜው
ረቡዕ ከምሽቱ 1:50

ከመሐል ሜዳ ሰላምታ። እናንተ ሐዋሳ ድረስ ከምትሄዱ እዚሁ ደጃችሁ ያለውን ጓሳን ለምን አትጠቅሱም?

ለማያውቅ፦ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖርበት፣ ጓሳ ሣር የሚበቅልበት ደጋ ነው። አስቦና ገራ ከሚባሉ አባቶች ጀምሮ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ማለት ነው፣ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖረ። ሣሩ ለቤት ክዳንም ለገመድም ይሆናል። ሲዘጋ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ሲከፈት ቀኑ ተነግሮ ሁሉም ባለመብት ይገባል፣ ይጠቀማል፣ እንደገና ይዘጋል። የገባውን የሚቀጣው የተመረጠው አለቃና አገሬው ነው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የቀሮው መሠረት የነበረው የርስት ሥርዓት ፈረሰ፣ ቀሮውም አብሮ ወደቀ፣ ጓሳም ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ ግን ሰዉ እንደገና ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ከድሮው ሥርዓት የሚሆነውን ይዞ መለሰው። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው፣ ጎብኚ ይመጣበታል።

የከተማ ሰው የሚስተው ነገር ቢኖር ጓሳ የተጠበቀው «አትንኩ» ተብሎ አለመሆኑን ነው። የተጠበቀው መቼ እንደሚነካ፣ በማን እንደሚነካ ስለታወቀ ነው። ለጨፌውም እንዲህ ያለ ሕግ አብጁለት። ሣሩ ይታጨድ፣ ከብት በተራ ይግባ፣ ገቢው ለሰፈሩ ይሁን። ባለቤት ያለው መሬት ላይ ችካል የሚተክል ሰው ደፋር ነው።


ጥቁር ካባ
ረቡዕ ከምሽቱ 2:30

መንዜው፣ ጓሳ ኩራታችን ነው። ግን ወደ ከተማ አምጥተህ እንዳለ አትትከለው። ጓሳ ላይ የሚጠብቀውም የሚጠቀመውም አንድ ሰው ነው፤ አባቱን አያቱን ያውቁታል፣ ቢሰርቅ የሚሸሸግበት የለውም። ደብረ ብርሃን ላይ ጎረቤቴን ስሙን አላውቀውም። ደግሞ የከተማ መሬት ዋጋ አለው። የጓሳ ሣር ሸክም የሚያወጣውን ዋጋና የአንድ ቦታ ሊዝ የሚያወጣውን አስተያየው። ለመጀመሪያው ማንም ጉቦ አይሰጥም።


መንዜው
ረቡዕ ከምሽቱ 2:44

ጓሳም ደሀ ስለሆነ አይደለም የቆየው ወዳጄ። ድርቅ በመጣ ጊዜ ያ ሣር ነፍስ ነበር። ዋጋ ስላለው ነው ሥርዓት ያስፈለገው። ከተማ ውስጥ አይተዋወቁም ላልከው ግን እድር ላይ ትተዋወቁ የለም እንዴ? ድንኳንና ወንበር የሚጠብቅ እድር ጨፌ መጠበቅ ምን ያቅተዋል።


ጥቁር ካባ
ረቡዕ ከምሽቱ 3:10

እድሩን ተቀብያለሁ። እድር ሰው ያሰባስባል፣ አቤቱታ ያስፈርማል። ችካል ለመንቀል ግን ሕግ ያስፈልጋል፤ የሚጠቅመውን በአጭሩ ላስቀምጥ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። ይህን ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ የሚረሳው የ1995ቱ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11 ነው። በዚህ አንቀጽ ማንም ሰው፣ ራሱ ተጎጂ መሆኑን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ ባለ ላይ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካህ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። «አንተ ምን አገባህ» የሚባል መልስ በዚህ አዋጅ አይሠራም። ገበሬ መሆን፣ ወንዙ ዳር መኖር አይጠይቅም። የጠባሴዋም ልትከስ ትችላለች፣ ብትፈልግ።

ፋብሪካና መንደር ከመሠራቱ በፊት ስለሚደረገው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ደግሞ አዋጅ 299/1995 አለ። ሰነዱን ሕዝብ አይቶ አስተያየት እንዲሰጥበት ይላል። ጠይቁ። «የለም» ከተባለ «የለም» የሚለውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ እሱ ራሱ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 ነው። መዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ጨፌው በምን ቀለም እንደተቀባ ሳታዩ አትጩኹ። አረንጓዴ ከሆነና ችካል ከተተከለበት ጉዳያችሁ ቀላል ነው። ለመኖሪያ ተብሎ ከተቀባ ግን የምትከራከሩት ከችካሉ ጋር ሳይሆን ከፕላኑ ጋር ነው፤ እሱ ረጅም መንገድ ነው።


የበሬሳ ማዶ
ረቡዕ ከምሽቱ 3:25

ፕላኑን አይቼዋለሁ የሚል ሰው አለ? እኔ ያየሁት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ ፀሐይ ያነጣው ወረቀት ነው። አረንጓዴውና ቢጫው አይለይም።


ዲከረንስ
ረቡዕ ከምሽቱ 3:50

እናንተ ስለ ጨፌ ስታወሩ የአካባቢያችንን ውሃ የሚጨርሰው ባሕር ዛፍ መሆኑን ረሳችሁት። የገብስ ማሳው ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ምንጩ ደረቀ። ከከተማው ዙሪያ ሁሉ ይነቀልና አገር በቀል ዛፍ ይተከል።


እትዬ ጌሾ
ሐሙስ ከጠዋቱ 2:15

ባሕር ዛፍ ይነቀል ያልከው ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ በምን ልትሞቅ ነው?

እኔ አረቂ አውጪ ነኝ። የደብረ ብርሃን አረቂ አረቂ ነው ትላላችሁ፣ በየሰርጉ ትጠጡታላችሁ፣ የት እንደሚወጣ አትጠይቁም። ድፍድፉ ጋን ውስጥ ቀናት ከቆየ በኋላ እንስራው እሳት ላይ ተጥዶ ሙሉ ቀን ይነዳል። እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ባይኖር የወፍ ዋሻን ደን በነቀልነው ነበር። እናቴ ስትነግረኝ በሷ ልጅነት ለማገዶ ሴቱ እስከ ደኑ ድረስ ይሄድ ነበር። ባሕር ዛፍ ትቆርጠዋለህ፣ ከግንዱ እንደገና ያቆጠቁጣል። በዚህ ውርጭ እንደሱ ቶሎ የሚደርስ ዛፍ አሳየኝና እተክለዋለሁ። ጽዱ ይደርሳል፣ አዎ፣ ለልጅ ልጄ።

ምንጭ ዳር አይተከል፣ ማሳ መሐል አይተከል፣ እሱን እቀበላለሁ። ዳገቱ ላይ ይሁን። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። መብራቱ ሳይቆራረጥ ቢመጣ፣ ምጣዱም አረቂውም በኤሌክትሪክ ቢሆን፣ እንጨቱ ለቤት መሥሪያ፣ ኩበቱ ለማሳ ማዳበሪያ ይቀር ነበር። ኩበት እየነደደ ነው መሬታችን የከሳው። ከተማ ሲያድግ መብራት አብሮ ይመጣል ብለን ደስ ብሎን ነበር። መስመሩ መጣ፣ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል።


ዲከረንስ
ሐሙስ ከጠዋቱ 2:40

እትዬ፣ ዳገት ላይ ይሁን ካሉ ተስማማን። አረቂውን ግን አልቀምሰውም።


እትዬ ጌሾ
ሐሙስ ከጠዋቱ 2:43

አልሸጥልህም።


የአንኮበር መንገድ
ሐሙስ ከቀኑ 6:30

ወፍ ዋሻ ስለተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩ ንጉሥ ናቸው። የመናገሻ ሱባ ደን በሳቸው ዘመን ከወፍ ዋሻ በተወሰደ የጽድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ከኛ ዘር ወስደው እዚያ ደን ካቆሙ እኛ እዚህ ከተማ ስናሰፋ አንድ የጽድ መስመር መትከል እንዴት ያቅተናል? በአረንጓዴ አሻራ ጊዜ ይተከላል፣ በጥቅምት ውርጭ ይመታዋል፣ በጥር በግ ይበላዋል። የሚቆጠረው የተተከለው ነው፤ የጸደቀውን ማንም አይቆጥርም።

ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ ይህ የደብረ ብርሃን ብቻ ጣጣ አይደለም። ከጣርማ በር ወዲያ ያለው ገደል ላይ መንደርና መንገድ ሲጨመር እያየን ነው። በ1998 መስከረም ደብረ ሲና አካባቢ፣ ይዛባ ላይ፣ ተራራው ተንሸራትቶ ቤትና ማሳ ይዞ ወርዷል። እናንተ ለጥ ያለ መሬት ላይ ሆናችሁ ውሃ ያስቸግራችኋል፤ እኛ ተዳፋት ላይ ሆነን መሬቱ ራሱ ይሄዳል። በሁለቱም ቦታ ቦታውን ሳያጠኑ መሸንሸን ነው ችግሩ።


ገብስ ቆሎ
ሐሙስ ከቀኑ 7:02

ፌስታሉንስ ማን ያነሳው? በሬሳ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ላይ ከቅጠል ፌስታል ይበዛል። በ2017 ፓርላማ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ትናንት ሽንኩርት ስገዛ በፌስታል ነው የተሰጠኝ፣ በጥቁሩ።


የጠባሴዋ
ሐሙስ ከምሽቱ 1:30

ሁሉንም አነበብኩ። ጋሼ ስለ መረሬው የተናገሩትን ለማኅበራችን ሰብሳቢ ላክሁለት፤ ዝም አለ። ያውቅ ነበር ማለት ነው። ጨፌው ላይ ቀድመው ቤት የሠሩ ሰዎች ዘንድ ዛሬ ሄጄ ግድግዳቸውን አየሁ። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። አንዷ ሴትዮ ስንጥቁን በጋዜጣ ጠቅጥቃ፣ በላዩ ቀለም ቀብታበታለች።

ስለዚህ አቤቱታ የምታዘጋጁ ከሆነ እፈርማለሁ፣ ግን በአንድ ሁኔታ። «ጨፌው ይተው» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ የኔ ማኅበር ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ከሃያ የሚበልጥ አባወራ ይዤ እቃወማችኋለሁ። «ጨፌው ይተው፣ በምትኩ በተሰጣቸው ጊዜ ሳይገነቡ አጥረው ያስቀመጡት ቦታዎች ተለይተው ለማኅበራት ይሰጡ» ካላችሁ እኔም እፈርማለሁ፣ አባሎቼም ይፈርማሉ።


ጥቁር ካባ
ሐሙስ ከምሽቱ 1:52

ይሄ ሕጋዊ መሠረትም አለው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ 721 ግንባታ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ጊዜ ይወስናል፤ ያላከበረ ውሉ ይቋረጣል። መንግሥት አዲስ መሬት ከገበሬ ሳይወስድ፣ አዲስ ካሳ ሳይከፍል የሚያገኘው መሬት ነው። መንገዱ፣ መብራቱና የውሃ መስመሩ ብዙውን ጊዜ በደጃፋቸው አልፏል። እኔ ከንቲባ ብሆን ቀድሜ የምሄደው እዚያ ነበር።

ጠንቀቅ በሉ ግን። አጥሮ የተቀመጠው ሁሉ ሀብታም አይደለም። ብድር ያጣ፣ ሲሚንቶ የተወደደበት፣ በጦርነቱ ጊዜ የቆመበት አለ። ሁሉንም በአንድ ላይ «ቀማኛ» ካላችሁ እነሱም ተደራጅተው ይመጣሉ።


የወራና ገበሬ ልጅ
ሐሙስ ከምሽቱ 2:05

የአባቴን ማሳ አጥሮ የተቀመጠው ሰውዬ ሲሚንቶ የተወደደበት አይመስለኝም። በሦስት ቦታ ነው ያጠረው። ግን ገባኝ።

ደግሞ ቦታው ለማኅበር ሲሰጥ ቀድሞ ከዚያ የተነሳው ገበሬ ይታሰብ። የካሳው አዋጅ 1161 ራሱ ነባሩ ባለይዞታ በቦታው ለማልማት አቅሙ ካለው ቅድሚያ ይሰጠዋል ይላል። አባቴን ከዘበኝነት አውጥታችሁ የማኅበር አባል ብታደርጉት እኔም ፈራሚ ነኝ።


የበሬሳ ማዶ
ሐሙስ ከምሽቱ 2:30

እሺ። ሦስቱንም አስገባለሁ፦ ጨፌው በፕላን አረንጓዴ ተብሎ ይከለል፣ የታጠሩት ቦታዎች ተቆጥረው ይፋ ይሁኑ፣ ከቦታው የተነሱት ገበሬዎች በማኅበራቱ ቅድሚያ ያግኙ። የወንዙን ፍሳሽ ለብቻው አቤቱታ አድርጌ በአዋጅ 300 በኩል እልከዋለሁ፤ አንድ ላይ ካደረግነው ሁሉም ይድበሰበሳል። መንዜው ያልከውን የግጦሽ ተራ የሰፈራችን እድር ቀጣይ ስብሰባ ላይ አነሳለሁ። ሊቀመንበራችን ሁለት ላም ስላላቸው ይሰሙኛል። ረቂቁን እሑድ እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ጥቁር ካባ እንዲያየው።


ቧንቧና ቱቦ
ሐሙስ ከምሽቱ 3:00

አንድ ማሳሰቢያ ከጡረተኛ። በሐምሌና በነሐሴ ጨፌው ላይ ውሃ ተኝቶበት የተነሳ ፎቶ ያላችሁ ሁሉ ለልጁ ላኩለት፤ ቀኑ የሚታይ ይሁን። ያለዚያ የሚመጣው የአጥኚ ቡድን በጥር መጥቶ ደረቅ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ «የምን ጨፌ ነው የምትሉት» ይላችኋል። የተሰነጠቀውንም ግድግዳ ሜትር አጠገቡ አድርጋችሁ አንሱት፤ ባለቤቷን መጀመሪያ አስፈቅዱ።


የጠባሴዋ
ሐሙስ ከምሽቱ 3:08

ሴትዮዋን እኔ አናግራታለሁ። ቡና ይዤ ነው የምሄደው።